ለራሳችሁ ለምታሰሩት ዊል ቀላል የቱቡላር ቸርኬ አመራረጥ፣ ከግራሙ በፊት የሚታዩ ነገሮች

ቱቡላር ዊል ላሰራ ነው የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ቸርኬው ስንት ግራም ነው ብሎ ነው። መጠየቁ ጥሩ ነው ግን ቅደም ተከተሉ ተገላብጧል፣ ምክንያቱም ስንት ግራም መሆን እንዳለበት የምታውቁት የራሳችሁን ኪሎ፣ የምትነዱበትን መንገድና የፍሬናችሁን አይነት ካያችሁ በኋላ ነው። አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ የፊትና የኋላ ቸርኬ የግድ አንድ አይነት መሆን የለበትም። ፊት ላይ ቀላሉን አድርጉ፣ ኋላ ላይ ጠንካራውን፣ ከዛ የቀረውን ክብደት ከራጂው (ከዊሉ መሀል እስከ ቸርኬው ከተዘረጋው ቀጭን ሽቦ) ቀንሱ። ከዚ በታች ያለው ሁሉ ይሄን እንዴት እንደምታደርጉት ነው።

ለማያውቁት ትንሽ ልበል፣ ተራው ጎማ (ክሊንቸር የሚባለው) ቸርኬው ግራና ቀኝ ከንፈር አለው፣ ጎማው እዛ ከንፈር ላይ ይነክሳል፣ ውስጡ ከመነዳሪ አለ። ቱቡላር ግን ጎማው ራሱ ከመነዳሪውን ውስጡ ይዞ የተሰፋ ነው፣ ቸርኬው ከንፈር የለውም፣ ላዩ ጎድጎድ ያለ ሆኖ ጎማው እዛ ላይ በማስቲሽ ይጣበቃል። ከንፈር የሚባለው ነገር ስለሌለና የአየሩን ግፊት ወደ ጎን ተሸክሞ የሚይዝ ግድግዳ ስለማያስፈልግ ያንኑ ጥንካሬ ባነሰ ብረት ማግኘት ይቻላል፣ በአንድ ቸርኬ ወደ 80 እና 100 ግራም ልዩነት የተለመደ ነው። ሌላው ጥቅሙ ጉድጓድ ስትመቱ ከመነዳሪውን በከንፈሩ ቆንጥጦ የመብሳት ነገር በጣም ይቀንሳል፣ በደንብ ከተጣበቀ ደግሞ አየሩ በድንገት ቢወጣ እንኳን ጎማው ቸርኬው ላይ ስለሚቆይ ቀስ ብላችሁ የመቆም እድል አላችሁ።

አሁን ክብደቱ ምን ያህል ይጠቅማል የሚለውን በቁጥር እንየው፣ ምክንያቱም እዚ ላይ ብዙ የተጋነነ ወሬ አለ። እናንተና ሳይክሉ፣ ውሃው፣ ልብሱ ተደምሮ 80 ኪሎ ነው እንበል። ከሁለቱ ቸርኬ 200 ግራም ቀነሳችሁ፣ ይሄ ከጠቅላላው 0.25 ፐርሰንት ነው። እንጦጦ አይነት ዳገት 20 ደቂቃ የሚፈጅባችሁ ከሆነ በዛው ጉልበት የምታተርፉት 3 ሰከንድ ገደማ ነው፣ በቃ። ዳገት ላይ እኩል ፍጥነት ይዛችሁ ስትወጡ የቸርኬ ግራም ከጠርሙስ ውሃ ግራም የተለየ ነገር የለውም። ልዩነት የሚመጣው ፍጥነት ስትጨምሩ ነው፣ ከመታጠፊያ ስትወጡ፣ አንዱ ሲያመልጥ ስትከተሉት፣ ስፕሪንት ላይ፣ ምክንያቱም ቸርኬው ወደፊት መሄድ ብቻ ሳይሆን መሽከርከርም ስላለበት ጠርዝ ላይ ያለ አንድ ግራም ወደ ሁለት ግራም ይቆጠራል። እሱም ቢሆን 200ው 400 ሆነ ማለት ነው፣ ከ80 ኪሎ ላይ ግማሽ ፐርሰንት። ይሄ ይሰማል፣ አዎ፣ ዊሉ ቶሎ ይነሳል፣ ሰው ቀላል ቱቡላር አንዴ ከነዳ በኋላ የማይተወውም ለዚ ነው፣ ግን ለ3 ሰከንድ ብሎ የኋላ ቸርኬ የሚሰነጠቅበት ምርጫ ውስጥ መግባት አይገባም።

መጀመሪያ፣ ሶስት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ

ኪሎአችሁን፣ መንገዳችሁን፣ ፍሬናችሁን። ኪሎው ግልፅ ነው። መንገድ ስል አስፋልት ነው ወይስ ኮብል አለበት፣ ጉድጓድ አለ ወይ፣ ረጅም ቁልቁለት አለ ወይ። አዲስ አበባ ውስጥ የምትነዱ ከሆነ ከዋናው አስፋልት ወጥታችሁ ሰፈር ስትገቡ የሚጠብቃችሁ ኮብልስቶን ነው፣ ስለዚ ለንፁህ አስፋልት ውድድር የተሰራ 280 ግራም ቸርኬ ለየቀኑ አይሆንም፣ ለውድድር ቀን ብቻ ይሁን።

ቁልቁለቱን ሰው ይረሳዋል፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምፈራው እሱን ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ መውረድን ውሰዱ፣ 20 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው ወደ 1400 ሜትር ይወርዳል። 80 ኪሎ ነገር 1400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 1.1 ሚሊዮን ጁል ነው። ለቃችሁ ብትወርዱ አብዛኛውን አየሩ ይወስደው ነበር፣ ግን መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ከባድ መኪና አለ፣ አስፋልቱም ቦታ ቦታ ተጣጥፏል፣ ስለዚ ፍሬን እየያዛችሁ ነው የምትወርዱት፣ ፍሬናችሁ ቸርኬውን ራሱን የሚነክስ (ሪም ፍሬን የሚባለው) ከሆነ የያዛችሁት ሁሉ ቸርኬው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። እዚ ላይ የክብደት ነገር ተመልሶ ይመጣል፣ 280 ግራም አሉሚኒየም 400 ግራሙ በሚፈልገው ሙቀት 70 ፐርሰንቱ ብቻ ያው የሙቀት ደረጃ ላይ ይደርሳል፣ ማለትም ቀላሉ ቸርኬ ቶሎ ይግላል። ሲግል ደግሞ ማስቲሹ ይለሰልሳል። ማስቲሹ ሲለሰልስ ጎማው መታጠፊያ ላይ ከቸርኬው ሊንሸራተት ይችላል። በ2003 ቱር ደ ፍራንስ ስፔናዊው ሳይክለኛ ሆሴባ ቤሎኪ ወደ ጋፕ ከተማ ሲወርዱ የወደቀበትን ያየ ሰው ይሄን አይረሳውም፣ በጋ ነው፣ አስፋልቱ ቀልጧል፣ ኋላው ተንሸራተተበት፣ ጎማው ከቸርኬው ወጣ፣ ታፋው፣ ክርኑና የእጁ አንጓ ተሰበረ፣ ከኋላው የነበረው አርምስትሮንግ ሜዳ ለሜዳ ነው ያመለጠው።

ፍሬን ዲስክ (ቸርኬውን ሳይሆን ዊሉ መሀል ያለ ሳህን የሚይዝ) ከሆነ ይሄ ሁሉ ጭንቀት ይቀራል። ግን አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቁ፣ ለዲስክ የተሰራ ቱቡላር ቸርኬ ጎኑ ላይ የፍሬን ጎማ የሚነካበት ቦታ የለውም፣ ቀላል ስለሆነ ያጓጓል፣ ሪም ፍሬን ያለው ሳይክል ላይ ግን ፈፅሞ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ከየትኛው የክብደት ክፍል እንደምትገዙ ወስኑ

አሉሚኒየም ቱቡላሮችን እኔ በሶስት እከፍላቸዋለሁ። ከ300 በታች ያሉት አሉ፣ ታዋቂው የማቪክ ጄል 280 ነው፣ ስሙ ላይ ያለው ቁጥር ግራሙ ነው። ይሄ ለሰአት ውድድርና ለቀላል ሰው የፊት ዊል የተሰራ ነው። ከ60 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ፣ ንፁህ አስፋልት ላይ፣ ፊት ላይ ብቻ ካልሆነ አልመክረውም። ቀጥሎ 330 አካባቢ ያለው ነው፣ ማቪክ ጂኤል 330 ለምሳሌ፣ ይሄ ለፊት ዊል በጣም ጥሩ ቦታ ነው፣ እስከ 75 ኪሎ ላለ ሰው ችግር የለውም። ከዛ 400 ገደማና ከዛ በላይ ያለው ይመጣል፣ ማቪክ ጂፒ4 እና አምብሮሲዮ ኔሜሲስ እዚ ውስጥ ናቸው። ኔሜሲስ የፓሪ ሩቤ (ፈረንሳይ ውስጥ በድንጋይ መንገድ ላይ የሚደረግ ውድድር) ቸርኬ ነው፣ ቡድኖቹ ለዛ ድንጋይ መንገድ ለብዙ አመት እሱን ሲያሳስሩ የኖሩት በምክንያት ነው፣ ለኛ የኮብል ሰፈሮችም ከሱ የተሻለ አሉሚኒየም ቱቡላር አላውቅም። ከባድ ነው የሚል ሰው አለ፣ ልክ ነው፣ ግን ጥንካሬው የሚመጣው ከዛው ክብደት ነው።

ካርቦን ሌላ አለም ነው። ቁመቱ 24 ሚሊ የሆነ ካርቦን ቱቡላር ቸርኬ ከ250 እስከ 300 ግራም ይመዝናል፣ 50 ሚሊ የሆነው ደግሞ ወደ 400 ይጠጋል፣ ማለትም በጂፒ4 ክብደት ረጅምና ግትር ቸርኬ ታገኛላችሁ። አይችልም የሚለው ድሮ ቀረ፣ በ2010 ስዊዛዊው ሳይክለኛ ካንቼላራ ፓሪ ሩቤን ያሸነፈው በካርቦን ዚፕ 303 ቱቡላር ነው። ለሪም ፍሬን ካርቦን ከወሰናችሁ ደግሞ ቱቡላሩ ከካርቦን ክሊንቸር ይሻላል፣ ክሊንቸሩ ሲግል ከንፈሩ በአየሩ ግፊት ወደ ውጪ ሊከፈት ይችላል፣ ቱቡላሩ ግን የሚከፈት ከንፈር የለውም። የፍሬኑ ጎማ የካርቦን መሆን አለበት፣ አሉሚኒየም ላይ የሰራ የፍሬን ጎማ ደግሞ ካርቦን ላይ አትድገሙት፣ ውስጡ የተሰካ የብረት ፍርፋሪ አለ፣ ቸርኬውን ይፈጨዋል። እንደዛም ሆኖ ለአባይ አይነት ቁልቁለት በሪም ፍሬን ካርቦን አልመርጥም፣ አሉሚኒየም እመርጣለሁ፣ ፍሬኑ ይበልጥ ይታመናል፣ ዝናብ ላይ ደግሞ ልዩነቱ በጣም ትልቅ ነው።

በነገራችን ላይ ባለፉት አመታት ፕሮፌሽናል ቡድኖች ወደ ቱብለስ (ያለ ከመነዳሪ የሚሰራ ጎማ) ስለሄዱ ያገለገለ የካርቦን ቱቡላር ዊል ውጪ ሀገር በጥሩ ዋጋ ይገኛል። ይሄ ለኛ እድል ነው፣ ግን ጎማውም እየቀነሰ ስለሚሄድ ቸርኬ ስትገዙ ቢያንስ ሁለት ትርፍ ቱቡላር ጎማ አብራችሁ አስቡ።

ሶስተኛ፣ የቀዳዳ ብዛት

ቸርኬ ሲቀል ራጂ መብዛት አለበት፣ ይሄን ህግ ያዙት። ዝቅ ያለ ቀላል ቸርኬ ለብቻው ይተጣጠፋል፣ ቅርፁን የሚይዘው ራጂው ነው፣ በሁለት ራጂ መሀል ያለው ርቀት ከሰፋ እያንዳንዱ ራጂ ዊሉ በዞረ ቁጥር በጣም ይላላና እንደገና ይወጠራል፣ እንደዛ ሲሆን ነው የሚበጠሰው። ቁመቱ ረዘም ያለ ካርቦን ግን ራሱ ግትር ስለሆነ ፊት 20፣ ኋላ 24 ይበቃዋል።

ለአሉሚኒየም እኔ የምለው ይሄ ነው፣ 60 ኪሎ ገደማ ከሆናችሁ ፊት 28 ቀዳዳ 330 ግራም፣ ኋላ 32 ቀዳዳ 400 ገደማ። 75 ኪሎ ከሆናችሁ ፊቱም ኋላውም 32፣ ፊቱ 330 መሆን ይችላል፣ ኋላው ከ400 አይውረድ። 85 እና ከዛ በላይ ከሆናችሁ ወይም ቦርሳ ጭናችሁ የምትነዱ ከሆነ ፊት 32፣ ኋላ 36፣ ሁለቱም ኔሜሲስ አይነት፣ 330 የሚለውን እርሱት። ኋላውን ለምን ታከብደዋለህ ለሚለኝ፣ ኋላው ከሁለቱ ዊል የበለጠውን ክብደታችሁን ይሸከማል፣ የፔዳላችሁን ጉልበት ይቀበላል፣ በዛ ላይ ካሴቱ (የኋላ ጥርሶቹ) በቀኝ በኩል ቦታ ስለሚይዝ ራጂው በቀኝና በግራ እኩል አይወጠርም፣ በግራ ያለው ከቀኙ ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ይሄ ሁሉ ጫና ያለበት ቦታ ላይ 70 ግራም መቆጠብ የሚያዋጣ አይመስለኝም።

የቸርኬው ቀዳዳ ብዛት ከሞዞው (ራጂዎቹ ከሚነሱበት የዊሉ መሀል) ጋር እኩል መሆኑን ሳታረጋግጡ ብር እንዳትከፍሉ። 32 ሞዞ ይዞ 36 ቸርኬ ያዘዘ ሰው ብዙ ነው። የሞዞውንም ስፋት እዩ፣ የፊት 100 ሚሊ ነው፣ የኋላ ለድሮ ሳይክል 126፣ ከዛ በኋላ ለመጡት ሪም ፍሬን የመንገድ ሳይክሎች 130።

አራተኛ፣ ጎማው የሚተኛበት ጎድጓዳ

ይሄን የሚያይ ሰው በጣም ጥቂት ነው፣ የጎማው በደንብ መጣበቅ ግን የሚወሰነው እዚ ነው። የድሮ ቸርኬዎች ስፋታቸው 20 ሚሊ ገደማ ነው፣ ጎድጓዳቸውም የተቆፈረው ለ21 እና 23 ሚሊ ጎማ ነው። አሁን ሰው 25 እና 28 መንዳት ይፈልጋል። ወፍራም ጎማ ጠባብ ጎድጓዳ ላይ ሲቀመጥ ሁለቱ ጠርዝ ላይ ብቻ ይቀመጥና መሀሉ አየር ሆኖ ይቀራል፣ ወይም ደግሞ የጎማው ጎን ከቸርኬው ውጪ ይንጠለጠላል፣ ማስቲሹ የሚይዘው ቦታ ያንሳል፣ መታጠፊያ ላይ ጎማው ይወላገዳል።

ፈተናው ቀላል ነው። ማስቲሽ ሳትቀቡ ጎማውን ቸርኬው ላይ አድርጉት፣ ቅርፁን እስኪይዝ ትንሽ ንፉት፣ ከዛ ከጎን ሆናችሁ ጎማው ስር ያለው ጨርቅና ቸርኬው መሀል ብርሃን ያልፍ እንደሆነ እዩ፣ ወረቀት ቢጤ ነገር ከጠርዙ ስር ለማስገባት ሞክሩ። ጠርዙ ላይ ወረቀቱ በቀላሉ ወደ ውስጥ ከገባ ያ ጎማና ያ ቸርኬ አይሄዱም። 25 ሚሊ ጎማ የምትፈልጉ ከሆነ ለሱ የተቆፈረ ሰፋ ያለ ቸርኬ ፈልጉ፣ አዳዲሶቹ ካርቦኖች ወደ 25 ሚሊ ስፋት አላቸው፣ 28 ጎማ ይቀበላሉ። የሳይክላችሁ ሹካና ፍሬን ግን ያን ስፋት ያስገባል ወይ የሚለውን መለካት አትርሱ፣ የድሮ ብረት ሳይክል ላይ ብዙ ጊዜ 25 ያበቃዋል።

አምስተኛ፣ ቀዳዳው ላይ ያለችው ቀለበትና ቸርኬው የተገጠመበት ቦታ

ራጂው የሚገባበት ቀዳዳ ላይ ትንሽ የብረት ቀለበት አለች። ነጠላ ስትሆን የታችኛውን ግድግዳ ብቻ ትይዛለች፣ ድርብ ስትሆን ላዩንና ታቹን ግድግዳ አንድ ላይ አስራ ጫናውን ታካፍላለች። ኔሜሲስና ጂፒ4 ድርብ ናቸው፣ ለኋላ ድርቡን ምረጡ። ቀለበት የሌለው ቸርኬ ካጋጠማችሁ ከኒፕሉ (ራጂውን ቸርኬው ላይ ከሚይዘው ትንሽ ብሎን) ስር ዋሸር ማድረግ ነው። ቀዳዳዎቹ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ ዘንበል ብለው የተበሱ መሆናቸውን እዩ፣ ከቫልቩ ቀዳዳ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ወደየት እንደሚያዘነብል አስታውሱ፣ ቸርኬ ሁሉ አንድ አይነት ስላልሆነ ሲታሰር ስህተት የሚገባው እዛ ጋር ነው።

ቸርኬው ቀጥ ያለ አሉሚኒየም ተጠቅልሎ ጫፍና ጫፉ የተገናኘበት ቦታ አለ፣ ከቫልቩ ትይዩ። ድሮ በፒን ነው፣ አሁን አንዳንዱ በብየዳ። የፒን ቢሆን ችግር የለውም፣ ጥፍራችሁን እዛ ላይ አስኪዱት፣ ደረጃ ከተሰማችሁ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ቷ ቷ ይላል።

ስድስተኛ፣ ያገለገለ ከሆነ

አሁን ብዙዎቹ ጥሩ ቀላል ቸርኬዎች ከምርት ስለወጡ ያገለገለ ወይም ድሮ ተገዝቶ ሳይነካ የተቀመጠ ነው የምታገኙት፣ ስለዚ በደንብ ፈትሹ። ራጂ የሌለበትን ቸርኬ ለጥ ያለ መስታወት ወይም ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፣ በየቦታው ጫን ጫን እያደረጋችሁ እዩ፣ 1 ሚሊ ገደማ መነሳት ችግር የለውም ሲታሰር ይስተካከላል፣ 3 ሚሊ ከሆነ ተዉት። በራጂ ጎትቶ ማቅናት ይቻላል ይባላል፣ ይቻላል፣ ግን የሱ ወገን ራጂዎች ውጥረት ከሌላው ጋር አይመሳሰልም፣ ዊሉም ሰንብቶ ይዞርባችኋል።

የፍሬን ጎማ የሚነካበት ጎን ላይ ቀጥ ያለ ማስመሪያ አቁሙ። መሀሉ ጎድጉዶ በማስመሪያውና በቸርኬው መሀል ብርሃን ከታየ ግድግዳው ተበልቷል፣ ቀላል ቸርኬ ሲጀመርም ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ይሄ ምህረት የሌለው ነገር ነው። ቀጥሎ እያንዳንዷን ቀለበት ዙሪያ በሞባይል መብራት እዩ፣ ከቀለበቷ የሚጀምር ፀጉር የመሰለ መስመር ካለ ስንጥቅ ነው። ጥቁር ቀለም ያላቸው ላይ ስንጥቁ ስለሚደበቅ በጥፍር እየነካችሁ ሂዱ። ቀለበቷ አካባቢ ነጭ ዱቄት ካለ ዝገት ነው፣ ትንሽ ከሆነ በብሩሽ ይሄዳል፣ አሉሚኒየሙን ከበላው ግን በቃ። አሮጌ ማስቲሽ መቅረቱ ምንም አይደል፣ የሚፋቅ ነው።

ካርቦን ከሆነ በሳንቲም ጠርዝ ቸርኬውን ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ አንኳኩ። ድምፁ ጥርት ብሎ እየሄደ አንድ ቦታ ላይ ድፍን ካለ እዛ ጋር ንብርብሩ ተላቋል። የፍሬኑ ጎን ላይ እንደ ፊኛ ያበጠ ነገር ካለ ደግሞ ግሏል ማለት ነው፣ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱት።

ሰባተኛ፣ ራጂውን ከማዘዛችሁ በፊት ቸርኬውን ራሳችሁ ለኩ

የራጂ ርዝመት የሚወጣው ከሞዞው ልክና ከቸርኬው የውስጥ ዲያሜትር ነው፣ ማለትም ራጂው ኒፕሉ ውስጥ ከሚያበቃበት ነጥብ እስከ ትይዩው ነጥብ ያለው ርቀት። ኢንተርኔት ላይ የተጻፈውን አትመኑ፣ ያው አንድ ሞዴል በተለያየ አመት ተቀይሯል፣ የሚለካበትም መንገድ ሰው ከሰው ይለያል። ሁለት አሮጌ ራጂ ውሰዱ፣ ጫፉ እስከ ኒፕሉ ጭንቅላት መቁረጫ እስኪደርስ ኒፕል አስገቡበት፣ ከዛ ከዛ ነጥብ ጀምሮ ልክ 200 ሚሊ ላይ ቁረጡት። ትይዩ የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ውስጥ አስገብታችሁ ወጠር አድርጋችሁ በመሀላቸው የቀረውን ክፍተት ለኩ፣ 400 ጨምሩበት፣ አለቀ። ይሄን ሁለት ሶስት ቦታ ላይ አድርጉት፣ ቸርኬው ክብ መሆኑንም በዛው ታውቃላችሁ።

ለምሳሌ 616 ሚሊ አገኛችሁ እንበል፣ የኋላ ሞዞ ነው፣ 32 ቀዳዳ፣ የሞዞው ጆሮ ላይ ቀዳዳዎቹ የተሰለፉበት ክብ ዲያሜትር 45፣ ከመሀል ወደ ቀኝ ጆሮ 18፣ ወደ ግራ ጆሮ 36፣ ራጂው ሶስቴ ተሻግሮ የሚታሰር። ስሌቱ ቀኝ 299፣ ግራ 301 ሚሊ ይሰጣችኋል። የቸርኬውን ልክ በ2 ሚሊ ብትሳሳቱ ራጂው በ1 ሚሊ ገደማ ይሳሳታል፣ ኒፕሉ ያን ይሸከማል፣ ከዛ በላይ ከሆነ ግን ወይ ጥርሱ ያልቅና አይወጠርም ወይ ራጂው ከኒፕሉ አልፎ ይወጣል። ካርቦንና አንዳንድ ድርብ ቀለበት ያላቸው ረዘም ያለ ኒፕል ስለሚፈልጉ ስትለኩ በምትጠቀሙበት ኒፕል ለኩ።

ክብደቱን ከራጂው መቀነስ

መጀመሪያ ያልኳችሁ እዚ ጋር ነው። 300 ሚሊ ርዝመት ያለው ራጂ፣ ከጫፍ ጫፍ 2.0 ሚሊ ውፍረት ያለው ወደ 7.5 ግራም ነው፣ መሀሉ 1.8 የሆነው ወደ 6.3፣ መሀሉ 1.5 የሆነው ወደ 5። በ64 ራጂ ስታባዙት 480፣ 400፣ 320 ይሆናል። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ብቻ 160 ግራም ወረደ ማለት ነው፣ ቸርኬው ሳይነካ። ደግሞ ደካማ ይሆናል ብላችሁ እንዳትፈሩ፣ ጫፎቹ ያው 2.0 ናቸው፣ መሀሉ ቀጭን ስለሆነ ይለጠጣል፣ ቸርኬው ጉድጓድ መትቶ ሲጨመቅ ራጂው ሙሉ በሙሉ አይላላም፣ ስለዚ ይቆያል። ራጂው ከሞዞ እስከ ቸርኬ ስለተዘረጋ የሱ ግራም እንደ ቸርኬው ግራም ሙሉ እጥፍ አይቆጠርም፣ ይሄን ልብ በሉ፣ ዳገት ላይ ግን ልዩነት የለውም።

እኔ የማደርገው ፊት ላይ ሁሉንም 1.5 (ሳፒም ሌዘር ወይም ዲቲ ስዊስ ሬቮሉሽን)፣ ኋላ በግራ 1.5፣ በቀኝ 1.8 (ሳፒም ሬስ ወይም ዲቲ ኮምፒቲሽን)። ቀጭኑ ራጂ ኒፕሉን ስታዞሩት አብሮ ይጠማዘዛል፣ ስለዚ ትንሽ አሳልፋችሁ አዙሩና መልሱት፣ ራጂው ላይ በማርከር ምልክት ብታደርጉ መጠማዘዙ ይታያችኋል። ኒፕል ላይ ነሃሱ 1 ግራም ገደማ ነው፣ አሉሚኒየሙ ሲሶው፣ በ64 ወደ 40 ግራም ይቀንሳል፣ እሱም ጠርዝ ላይ ያለ ክብደት ነው። ፊት ላይ አሉሚኒየም አድርጉ፣ ኋላ በቀኝ በኩል ነሃስ ይሁን፣ ቱቡላር ላይ አንድ ኒፕል ቢሰነጠቅ ለመቀየር የተጣበቀውን ጎማ መላጥ ሊኖርባችሁ ነው።

ውጥረቱን በተመለከተ፣ አምራቹ የጻፈው ገደብ ካለ እሱን ተከተሉ። አብዛኛው ዘመናዊ ቸርኬ ኋላ በቀኝ ከ100 እስከ 120 ኪሎ ይችላል፣ እንደ ጄል 280 ያለ ቀላል የድሮ ቸርኬ ግን ያን ያህል አትሂዱበት፣ 80 አካባቢ ላይ ቁሙ። ቀጥ አድርጋችሁ ጨርሳችሁ ሳለ ቸርኬው ድንገት ወዲህና ወዲያ መወላገድ ከጀመረ ገደቡን አልፋችኋል፣ ሁሉንም ኒፕል ግማሽ ዙር መልሱ። ጎማው ተለጥፎ ሲነፋ ቸርኬውን ስለሚጨምቀው ውጥረቱ በተወሰነ ይወርዳል፣ ይሄ ያለ ነው፣ አትደንግጡ።

ማስመጣትና መለጠፍ

ቸርኬ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በሚመጣ ዘመድ ማስላክ ይቻላል። አንድ ቸርኬ 63 ሴንቲ ገደማ ነው፣ ሁለቱን አነባብራችሁ ካርቶን ውስጥ ስታደርጉት ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረቱ ተደምሮ ከተለመደው የ158 ሴንቲ የሻንጣ ገደብ በታች ይሆናል። ራጂውን ቸርኬው መሀል እሰሩት። ማስቲሹን ግን ዘመድ ላይ አታሸክሙ፣ የቱቡላር ማስቲሽ ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፣ ሻንጣው ተከፍቶ ሰውየው ይንገላታል። በሱ ፈንታ ለቱቡላር የተሰራ ባለሁለት ፊት ፕላስተር አስመጡ፣ እንደ ቱፎ ያሉ ይሰሩታል። እዚሁ ለጫማ የሚሸጠውን ማስቲሽ አትጠቀሙ፣ ለቸርኬ ሙቀት ተብሎ የተሰራ አይደለም።

ማስቲሽ ካገኛችሁ ጎድጓዳውን በአሴቶን አፅዱ፣ አዲስ አሉሚኒየም ከሆነ በቀጭን ሸራ ወረቀት ትንሽ አሻክሩት፣ ቀጭን ቀጭን እያደረጋችሁ ቸርኬው ላይ ሁለት ሶስቴ፣ ጎማው ላይ ሁለቴ ቀቡ፣ በየመሀሉ አሳድሩት፣ መጨረሻ ላይ አንድ ቀጭን ቀብታችሁ ጎማውን አስገቡና ነፍታችሁ አንድ ቀን ተዉት። ከዛ አየሩን አውጡና በአውራ ጣት ጎማውን ወደ ጎን ግፉት፣ ዙሪያውን። የሚነሳ ጠርዝ ካለ ያንን ዊል ይዛችሁ ቁልቁለት አትውረዱ፣ አንስታችሁ ድገሙት።

መጀመሪያ አጭርና ለጥ ያለ መንገድ ላይ ንዱት፣ ተመልሳችሁ ውጥረቱን እዩ፣ ከዛ ዳገት፣ ረጅም ቁልቁለት መጨረሻ ላይ። የለካችሁትን የቸርኬ ልክና የቀኝና የግራ ራጂ ርዝመት ደግሞ የሆነ ቦታ ጻፉት፣ ከየርዝመቱ ሁለት ሁለት ትርፍ ራጂ ከነኒፕሉ አስቀምጡ፣ 299 ሚሊ ራጂ በፈለጋችሁ ቀን ገበያ ወጥታችሁ የምታገኙት ነገር አይደለም።